ለመቻራው አጎት የተጻፈ ካርድ

የጋሽ ነጋሽ የቀኝ እጅ መሀል ጣት ላይ፣ ከጥፍሩ ወረድ ብሎ ብዕር በሚያርፍበት ጎን፣ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ አለች። ሰማያዊ ናት እንዳይሏት ትጠቁራለች፤ ጥቁር ናት እንዳይሏት ብርሃን ሲያገኛት ሰማይ ሰማይ ትላለች። ዝናብ ቋጥሮ ገና ያልጣለ ደመና ትመስላለች። ሳብሪና ልጅ ሳለች ሰውየው ከነጥቧ ጋር የተወለዱ ይመስላት ነበር። አንድ ቀን አባቷን፣ «አባ፣ የጋሽ ነጋሽ ጣት ለምንድነው የማይታጠበው?» ብላ ብትጠይቀው ከት ብሎ ሳቀና፣ «ይታጠባል እንጂ። ቀለሙ ነው አልለቅም የሚለው። ግትር ነው፣ እንደ ባለቤቱ» አላት።

ያኔ ነገሩ አልገባትም ነበር። የእህቷ የኩብራ ሠርግ ሲቃረብ ግን ቁልጭ ብሎ ገባት።

ሳብሪና ጭሮ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት። ደብተር ቢሉ ደብተር፣ እስክሪብቶ ቢሉ በየቀለሙ፣ መብራት ካልጠፋ ደግሞ ፎቶ ኮፒ። ጋሽ ነጋሽ በዚያ ሁሉ መደርደሪያ ፊት ቆመው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ከላይ እስከ ታች ከቃኙ በኋላ ባዶ ቤት እንደገባ ሰው ዞር አሉ።

«ቀለም የለሽም» አሏት።

«ይሄ ሁሉ ምንድነው ታዲያ ጋሼ?»

«ይሄማ እስክሪብቶ ነው። እኔ የምልሽ ቀለም ነው። በጠርሙስ ያለ። ብሉ ብላክ።»

«የማኅተም ቀለም አለኝ፤ እሱ አይሆንም?»

ሽማግሌው ክው አሉ። «የማኅተም ቀለም እኔ ብዕር ውስጥ? ቅባት አለው እኮ! ጉሮሮዋን ነው የሚዘጋት!» አሉና ደረት ኪሳቸው ላይ የተሰካችውን ብዕር በመዳፋቸው ሸፈኗት፤ እንዳትሰማ ይመስል።

ሳብሪና ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች። ለነገሩ የሚጻፈው አንድ ካርድ ብቻ ነበር። አንድ! በላዩም ላይ አንድ ስም።

በከተማው ልማድ የሠርግ ካርድ ማተሚያ ቤት ይታተማል፤ የተጠሪው ስም ግን ክፍት ቦታው ላይ በእጅ ይጻፋል። ወጣቱ በስልክም ቢጠራ ግድ የለው። ሽማግሌ ግን ካርዱን ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው የሠርጉን ቀን ሳይሆን የገዛ ስሙን ነው፤ ማን ጻፈው፣ ተጨነቁበት ወይስ እንዲሁ ጫሩት። ሳብሪና ራሷ ስትዳር የሁሉንም ስም የጻፉት ጋሽ ነጋሽ ነበሩ። ያን ጊዜም ብሉ ብላክ አልቆባቸው «ከድሬዳዋ እስኪመጣ ልጠብቅ» ሲሉ፣ ሙሽሪት ሆዬ፣ «በአላህ ጋሼ! ቀለም ቀለም ነው፤ በተገኘው ይጻፉት!» ብላ አጣደፈቻቸው። እያጉተመተሙ በተራ ሰማያዊ ጻፉት። የአጎቷ የአብዱልቃዲር ካርድ ደግሞ ዘግይቶ ስለነበር ለመቻራ ገበያ ጫት ጭኖ በሚወርድ መኪና ተላከ። ጫት እንዳይጠወልግ በየመንገዱ ውሃ ይረጫል። ካርዱም ከጫቱ እስር መሀል ተሰክቶ ኖሮ ውሃውን እኩል ተካፈለ።

አብዱልቃዲር ፖስታውን ሲከፍቱ የታተመው ሁሉ በቦታው ነበር፤ የሙሽሮቹ ስም፣ ቀኑ፣ የምሳው ሰዓት። የእሳቸው ስም ይኖርበት በነበረው ቦታ ግን የፈዘዘ ሰማያዊ እድፍ ብቻ። «የሌላ ሰው ስም አጥበው የላኩልኝ ትርፍ ካርድ ነው» አሉና ሠርጉ ላይ ሳይመጡ ቀሩ። የሳብሪና አባት አብራር ደግሞ፣ «ወንድሜ እንዲህ ብሎ ከጠረጠረኝ ምኑን አስረዳዋለሁ» ብሎ እሱም አኮረፈ። ሁለት ወንድማማቾች ውሃ በወሰደው አንድ ስም እንደተኳረፉ ቀሩ። አምና አብራር ሲሞት አብዱልቃዲር ከመቻራ መጡ፤ ጀናዛውን ተሸከሙ፣ አፈር አለበሱ፤ ቤት ገብተው ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ።

አሁን ተራው የኩብራ ነው። አባት የላትም፣ ወንድምም የላትም፤ ስለዚህ ወሊዋ ሆኖ ኒካሑን የሚያስርላት የአባቷ ወንድም ነው። እምቢ ካሉ ቃዲው ሊያስሩላት ይችላሉ፤ ኩብራ ግን ይህን ስትሰማ የሙሽራ ልብሷን መልሳ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። «አጎቴ በሕይወት እያለ ዘመድ እንደሌላት ልዳር? ይቅርብኝ! እስኪታረቁ እዚሁ አረጃለሁ!» አለች። ሽማግሌዎች መቻራ ድረስ ተልከው ይዘው የተመለሱት መልስ አንድ ነበር፦ «ስሜን ጽፋችሁ ጥሩኝ።»

ስማቸውን ሲጽፍ የሚያምኑት እጅ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ጋሽ ነጋሽ ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን ሚኤሶ ጣቢያ የጭነት ጸሐፊ ነበሩ፤ አብራር የጫኝና አውራጆች አለቃ። የመቻራ ቡና በጆንያ ሲመጣ በየጆንያው አንገት የምትታሰረውን ወረቀት የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ፤ የባለቡናውን የአብዱልቃዲርን ስም በስንት ጆንያ አንገት ላይ እንዳሰሩት እግዜር ይወቀው። የሚኤሶ ሙቀት ሌላ ነው፤ ቀለሙ ከጠርሙሱ ወጥቶ ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል እያሉ ይቀልዱበታል። ጋሽ ነጋሽ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ከውሃው እንስራ ሥር እንደ ሕፃን ያስተኙት ነበር። «እዚህ ሐሩር፣ ጅቡቲ ደግሞ ወበቅ» ይላሉ እስከ ዛሬ። «ተራ ሰማያዊ ጅቡቲ ሲደርስ ላብ ሆኗል። ብሉ ብላክ ግን ወረቀቱን ይነክሰዋል። ነክሶም አይለቅም።» ባቡሩ ሲቆም ብዕራቸውንና የተጋመሰ ጠርሙስ ይዘው ጭሮ ገቡ። ከዚያ ወዲህ የተማሪ ምስክር ወረቀት ላይ ስም ሲጽፉ፣ ካርድ ሲጽፉ ኖሩ፤ የክርስቲያኑንም የእስላሙንም።

አጻጻፋቸውን ያየ ይደነቃል፤ ሲጽፉ ያየ ግን ያብዳል። ብዕሯን ከመሙላታቸው በፊት ደጋግመው ያጥቧታል። ከዚያ በአሮጌ ካናቴራ ቁራጭ ያደርቋታል። ነፋስ ካለ አይጽፉም። ሰው እያወራ አይጽፉም። ምሳ በልተው አይጽፉም፤ «ሆድ ሲሞላ እጅ ይሰንፋል» ነው የሚሉት። ምሳ ሳይበሉም አይጽፉም፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ታዲያ መቼ ነው የሚጽፉት?» አለች ሳብሪና አንድ ቀን፣ ጥርሷን ነክሳ።

«ቀለሙ ሲመጣ።»

ቀለሙን የማምጣቱ ነገር መስዑድ ላይ ወደቀ። መስዑድ ጫት በአይሱዙ ጭኖ ድሬዳዋ የሚመላለስ ሾፌር ነው፤ የነሳብሪና ጎረቤት፣ ቀልደኛ፣ ዘወትር ጥድፊያ ላይ ያለ። መጀመሪያ ያመጣው ጠርሙስ ጥቁር ነበር።

«ጥቁር ነው» አሉ ጋሽ ነጋሽ፣ ክዳኑን ሳይከፍቱት።

«ብሉ ብላክ አላልክም እንዴ አባቴ? ብላኩ ይኸው፤ ብሉው ይቅርብህ!» አለ መስዑድ።

«በጥቁር የሚጻፈው የሟች ስም ነው። ሰውየውን የምንጠራው ለሠርግ ነው ወይስ ለለቅሶ?»

በሁለተኛው ጉዞ ያመጣው ደግሞ ቦግ ያለ ሰማያዊ ሆነ። ጋሽ ነጋሽ በክብሪት እንጨት ነክረው ወረቀት ላይ ጫር አደረጉና ወደ ሳብሪና አዞሩት። ሰውየው ዝም ሲሉ ይብሳሉ።

«ጋሼ፣ ሠርጉ ደረሰ። ማተሚያ ቤቱ ካርዱን ከሰጠን ስንት ጊዜው! ቀለም ቀ...» አለችና ከንፈሯን ነከሰች።

«ጨርሺዋ» አሉ ጋሽ ነጋሽ፣ ለስለስ ብለው። «ቀለም ምንድነው?»

ሳብሪና ሱቁን ትታ ጓሮ ገብታ ባዶ ካርቶን ረገጠች።

በሦስተኛው መስዑድ ራሱ ተበሳጭቶ ነበር። «ወላሂ ሱቅ በሱቅ ነው የዞርኩት! የሚሸጠው ሽማግሌ ‹እስካሁን የሚጽፍበት ሰው አለ?› ብሎ እጄን ጨበጠኝ» አለና ከመቀመጫው ሥር አንድ የራሰ ጆንያ አወጣ። ጫቱ ላይ ውሃ ሲረጩ ጆንያውንም አልማሩትም። ከውስጡ የወጣው ካርቶን እንደ ገንፎ ላቁጧል፤ የጠርሙሱ ላይ ወረቀት ተልጦ ጣቱ ላይ ቀረ። ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ የሚናገር አንድ ፊደል አልተረፈም።

«ማል ጎና?» አለ መስዑድ፣ ምን እናድርግ እንደማለት፤ ተልጦ የቀረውን ወረቀት ከጣቱ እያራገፈ።

ሳብሪና ሳቋ መጣ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ሊዞር ሲል ያዘችው። ያንኑ ውሃ! ያው ጫት፣ ያው ውሃ፣ ያው መንገድ! ሽማግሌዎቹ ነገ ማለዳ ወደ መቻራ ይነሳሉ፤ ካርዱን ሳይዙ ከሄዱ ሌላ ቀን የለም።

ጋሽ ነጋሽ አልተጣደፉም። ብዕሯን አጠቡ። አደረቁ። ጫፏን ጠርሙሱ ውስጥ ነክረው ቀለሙን በቀስታ አስመጠጧት፤ የተጠማ ከብት ውሃ ሲጠጣ እንደሚያይ ባለከብት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው። ከዚያ ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጻፉ።

«ሰማያዊ ነው!» አለች ኩብራ። በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። «ያው ሰማያዊ ነው፣ አልቆልናል!»

«ታገሺ።»

«ምኑን ነው የምታገሠው ጋሼ? እያየሁት!»

«ብሉ ብላክ ሲወለድ ሰማያዊ ነው። አየር ሲያገኘው ነው የሚጠቁረው። ልክ እንደ ሕፃን፤ መልኩን ወዲያው አታውቂውም።»

«በስንት ሰዓት?»

«እንደ አየሩ።»

እንደ አየሩ! ሳብሪና መልሱን ስትሰማ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ የተሠራ ሥራ አልነበረም። ደብተር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ወረቀቷን አጎንብሶ አይቶ አስተያየት ሰጥቶ ይሄዳል። አንዱ ጠቁሯል ይላል፣ ሌላው ዓይናችሁ ነው ይላል። መስዑድ በስልኩ መብራት እያበራ፣ «እኔ ምንም አልታየኝም፤ ምናልባት ከተቃመ በኋላ ይታይ ይሆናል» ይላል። ሳብሪና አሥር ጊዜ ላለማየት ምላለች፤ አሥራ አንድ ጊዜ አይታለች። ጋሽ ነጋሽ ብቻ አያዩትም። ወንበራቸው ላይ ተደግፈው ደጁን ያያሉ፤ መልሱን እንደሚያውቅ ሰው።

ጀንበር ከጭሮ ተራራ ጀርባ ልትወርድ ስትል ሳብሪና አንዴ ደግማ አየች። መስመሩ ተለውጧል። መቼ ተለወጠ? ደመና ሲጠቁር ማንም እንደማያየው ሁሉ እሷም አላየችም። ከሰዓታት በፊት ሰማይ የነበረው፣ አሁን የጋሽ ነጋሽን ጣት ሆኗል። ወረቀቷን አንስታ ከጣታቸው ጋር አስተያየችው። ንዴቷ ለአንድ አፍታ ጠፋባት፤ የት እንዳስቀመጠችው ረሳችው።

«ብያለሁ» አሉ ጋሽ ነጋሽ። ንዴቷን መልሳ አገኘችው።

የአብዱልቃዲርን ስም ሁለት ካርድ ላይ ጻፉ። ለምን ሁለት እንደሆነ አልተናገሩም። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው፣ አንገታቸውን አቅንተው፣ ለጸሎት እንደተሰለፉ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። «እስከ ጠዋት ማንም እንዳይነካቸው» ብለው ሄዱ።

ጠዋት ሽማግሌዎቹን የሚወስደው ሚኒባስ ሳይመጣ ደረሱ። ቡናማ ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ለመንገድ የሚለብሱትን። ቁጭ እንኳ ሳይሉ፣ «ውሃ በጣሳ አምጪልኝ» አሉ።

ሳብሪና ሊጠጡ መስሏት ሰጠቻቸው። ጋሽ ነጋሽ አንዱን ካርድ አነሱና ከደጁ ብቅ ብለው ውሃውን ስሙ ላይ ቸለሱበት።

ኩብራ ጮኸች። ሳብሪናም እንደጮኸች ያወቀችው ጎረቤት ሲወጣ ነው። ከካርዱ ላይ ሰማያዊ ውሃ ወረደ፤ እንደ ያኔው፣ ቀጭን፣ ፈዛዛ ሰማያዊ።

«ጋሼ ምን አደረጉ? ምን አደረጉኝ! ለምኜ፣ ስንት ቀን ጠብቄ...»

«ከመጮህሽ በፊት እዪው።»

አየች። ሰማያዊው ሄዷል። ከሥሩ ግን ስሙ አለ። ዝናብ እንዳጠበው ጥቁር ድንጋይ ንጹህ፣ ጥርት ብሎ፣ ሙሉ በሙሉ አለ። አንዲት እግር አልጎደለችውም። ውሃው የወሰደው ልብሱን እንጂ አካሉን አልነበረም። ኩብራ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ሱብሐነላህ» አለች፣ በለሆሳስ።

ሳብሪና በረጅሙ ተነፈሰችና ደረቁን ካርድ ፖስታ ውስጥ ልትከት አነሳች።

«እሱ አይደለም። የሚሄደው ይሄ ነው» አሉ ጋሽ ነጋሽ፤ የራሰውን ካርድ እያራገፉ።

«የተጨማደደውን? ጋሼ፣ ሰው ይከበርበታል የተባለ ካርድ እኮ ነው!»

«ደረቁን ማንም ይሰጠዋል።»

«ካርዱን ሲያዩ መልሰው ቢቀየሙስ? ‹አሁንም የራሰ ላኩብኝ› ቢሉስ?»

«ለዚህ ነው እኔው ይዤው የምሄደው» አሉና የራሰውን ካርድ በመምጠጫ ወረቀት መሀል አድርገው ኮታቸው ውስጥ ከተቱት። ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፋ። ሳብሪና በአንድ እጇ ደረቁን ካርድ እንደያዘች ቀረች፤ የሚሰማት ሰው የለም።

ሁለት ቀን ስልካቸው አልሠራም። እህትማማቾቹ ተራ በተራ ሞክረው ተራ በተራ ተሰላቹ። በሦስተኛው ቀን ሳብሪና መደርደሪያዋን አራግፋ፣ ያን ስም አልባ ጠርሙስ ከሁሉ በላይ ባለው እርከን ላይ ብቻውን አስቀመጠችው። ከእንግዲህ ይህ ሱቅ ብሉ ብላክ አጥቶ አይለምንም ብላ ለራሷ ቃል ገባች። ጋሽ ነጋሽ የገቡት ያን ጊዜ ነው። ቅንድባቸው ድረስ አቧራ ናቸው።

«እንኳን ደህና መጡ! እሺ አሉ?»

«ቆይ፣ ልቀመጥ።»

ተቀመጡ። ውሃ ጠጡ። ኮታቸውን ከፍተው አሳዩዋት፤ ሸሚዛቸው የመዳፍ ያህል ጠቁሯል። «መንገድ ላይ፣ በደሳ ከተማ ስንደርስ ብዕሯ አፈሰሰች።»

«ጋሼ፣ አጎቴ እሺ አሉ ወይ?»

«ዳገትና ቁልቁለቱ ነው። ብዕር ይዘሽ ሩቅ መንገድ ስትሄጂ ጢም አድርገሽ መሙላት ነው እንጂ አየር...»

«ጋሼ! እህቴ ቤት ውስጥ እህል አልቀመሰችም!»

«እየነገርኩሽ አይደል? አብዱልቃዲር ካርዱን ተቀበለኝ። ሽማግሌዎቹ ሊናገሩ ሲሉ በእጁ ዝም አሰኛቸው። ከቤት ወደ ብርሃን ወጣ። አውራ ጣቱን ምራቅ ነካ አድርጎ ስሙን ፈተገው። ጣቱን አየ፤ ንጹህ ነው። ‹ይሄ ካርድ ውሃ ነክቶታል› አለኝ። ‹ነክቶታል› አልኩት። ‹ስሜ ግን አለ።› ‹አለ› አልኩት። ካርዱን አገላብጦ አየና፣ ‹የፊተኛውም ላይ ተጽፎ ነበር እንዴ?› አለኝ። ‹እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ ቀለሙ ተራ ነበር፤ ውሃ ወሰደው› አልኩት።»

ጋሽ ነጋሽ እዚህ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ብዕራቸውን በሚያደርቁበት የካናቴራ ቁራጭ ጠረጉ። ሳብሪና ለመጀመሪያ ጊዜ አላጣደፈቻቸውም።

«‹አብራር ታዲያ ለምን አልነገረኝም?› አለ። ‹አንተስ ለምን አልጠየቅኸውም?› አልኩት። ቡና ማስጫው ላይ ቁጭ አለ። ሽማግሌዎቹም አብረውት ቁጭ አሉ። ልጅ እንጂ ትልቅ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አላየሁም።»

«ይመጣሉ?»

«ለኒካሑ ዋዜማ ይደርሳል። ቤት ገብቶ እንደሚያድር ነግሮኛል። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ የኒካሑ ወረቀትም በዚሁ ቀለም ይጻፍ አለ።»

ሳብሪና ስልኳን አንስታ ኩብራ ጋ ልትደውል ስትሞክር ቁጥሮቹ በእንባ ተደበላለቁባት። ሰውየው ይህንን እኮ በሩ ላይ ቆመው በአንድ ቃል ሊነግሯት ይችሉ ነበር! በአንድ ቃል! ቀና ስትል ጋሽ ነጋሽ ተነስተው፣ ተንጠራርተው፣ ከላይኛው እርከን ጠርሙሱን አውርደው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሲከቱት አየች።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ የሱቁ ነው!»

«ሱቅሽ ይሞቃል» አሉ። «ከእንስራ ሥር ነው የሚቀመጠው።»

«ቢያንስ ግማሹን...»

ወጥተዋል። በመኪናና በባጃጅ መሀል፣ ኪሳቸውን በአንድ እጅ ደግፈው፣ ሕፃን እንዳዘለ ሰው እየተጠነቀቁ ሽቅብ ሄዱ። ሳብሪና በሩ ላይ ወጥታ «ጋሼ!» ብላ ተጣራች። አልዞሩም። ነጥብ ያለበትን ጣት ብቻ ወደ ላይ አነሱ፤ ታገሺ እንደማለት።